ይስሐቅ፣ 65 ዓመት

ዋሽንግተን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 16 የከተማው መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። እውነቱን ልናገርና እኔ ለዓመታት ቀኑን የማውቀው ፓርኪንግ በነጻ በመሆኑ ነበር።

ለካ የነጻነት ቀን ኖሯል! በፈረንጆቹ 1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን በዚያ ዕለት በፈረሙት ሕግ በከተማዋ 3,100 ያህል ባሮች ነጻ ወጡ። ካሳም ተከፈለ። ለማን አትሉም? ለጌቶቹ! በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር። ነጻ የወጣው ሰው እስከ 100 ዶላር የሚያገኘው አገሩን ጥሎ ለመሄድ ከተስማማ ብቻ ነበር።

በዚሁ ከተማ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አለ። ያቋቋሙት ኢየሱሳውያን ናቸው፤ አዎ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እኛ ዘንድ ከርመው አፄ ፋሲል ያባረሯቸው፣ የዚያው ማኅበር ሰዎች። ሜሪላንድ ውስጥ ሰፋፊ እርሻ ነበራቸው፤ የሚያርሱላቸው ባሮች። በ1838 ኮሌጁ ዕዳ ሲያስጨንቀው ማኅበሩ 272 ሰው በ115,000 ዶላር ለሉዊዚያና ባለርስቶች ለመሸጥ ተዋዋለ። ሮም ያሉት የበላይ አለቃ ሽያጩን ሲፈቅዱ ቤተሰብ እንዳይነጣጠል፣ ገንዘቡም ለዕዳ እንዳይውል አዘው ነበር። ሁለቱም ተጣሱ። ሽያጩን የመሩት የቀድሞው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አባ ቶማስ መሌዲ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ሕንጻ በስማቸው ይጠራ ነበር።

የሽያጩን ውል ሳነብ ገና መጀመሪያው ስም ላይ ቆምኩ። አይዛክ፣ እኛ ይስሐቅ የምንለው፣ 65 ዓመት። ቀጥሎ የበኩር ልጁ ቻርልስ፣ 40። ከዚያ ሴት ልጁ ኔሊ፣ 38። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይሄ የሽያጭ ውል ነው ወይስ የትውልድ ሐረግ? አያቶቻችን «በል እስከ ሰባት ቤት ቁጠር» ሲሉን የምንወርደው እንዲህ አልነበር? ጸሐፊው የጻፈው ለዋጋ ነው። ዛሬ ግን የተሸጡት ሰዎች ተወላጆች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዚሁ ወረቀት ተነሥተው ነው።

በ2015 ተማሪዎች የመሌዲ ስም ይውረድ ብለው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ደጅ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። በ2017፣ በዚሁ የነጻነት ቀን ሰሞን፣ ከ100 የሚበልጡ ተወላጆች በተገኙበት የንስሐ ጸሎት ተደረገ፤ በአሜሪካ የማኅበሩ አለቃም ይቅርታ ጠየቁ። የመሌዲ ስም ወርዶ ሕንጻው አይዛክ ሆኪንስ ተባለ። ሌላ ሕንጻ ደግሞ በ1820ዎቹ ለጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት በከፈተችው በአን ማሪ ቤክራፍት ተሰየመ።

ጸሎቱም ስያሜውም ያምራል። እኔን የያዘኝ ግን በ2019 የሆነው ነው። ተማሪዎቹ ድምፅ ሰጡ፤ ከመራጮቹ ሦስት እጅ ሁለቱ ለተወላጆቹ በየሴሚስተሩ 27 ዶላር ከ20 ሳንቲም ከኪሳችን እንክፈል አሉ። ቁጥሯን ልብ አላችሁ? 272ን ታስታውሳለች። ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን ተማሪ ላይ አልጥልም፣ በዓመት 400,000 ዶላር ከለጋሾች አሰባስባለሁ አለ። ገንዘቡማ ያው ነው። ግን የምሳን ብር ቀንሶ መስጠትና ለባለጸጋ ስልክ መደወል እኩል ነው? እኔ አይመስለኝም።

እኛስ? ባርነትን የከለከለው አዋጅ በእኛው አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ቀኑን የምናስብበት በዓል የለንም፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ሰው ሲናደድ ዛሬም ከአፍ ይወጣል። ሰባት ቤት ስንቆጥርም ሆን ብለን የምንዘላቸው ስሞች አሉ። አያቶቻችንም ሲያስቆጥሩን እዚያ ላይ ሲደርሱ ይቸኩሉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በጆርጅታውን ግቢ ሳልፍ አንዲት ተማሪ፣ ቡናዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ስልክ ላይ ትጮኻለች። «ሆኪንስ በር ላይ ነኝ፤ ቶሎ ውረጂ!»