የነገን ጉዳይ በወረቀት

ውድ ተመራቂዎች፤ ከነገ ጀምሮ የፈተና ቀን የሚለጥፍላችሁ ሬጅስትራር የለም። ሲቪ ማዘጋጀቱ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላኩ፣ መታወቂያ ማሳደሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ለእናት የሚላከው ብር ሁሉም በአንድ ሳምንት ተደራርቦ ይመጣል። የምለምናችሁ ነገር ለዚህ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ማታ ማታ የነገ ጉዳያችሁን በወረቀት ዘርዝራችሁ ተኙ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አሳድሮ ነበር። ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ ግማሾቹ ገና ያልሠሩትን፣ ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን ጻፉ። ያልሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩ በተብራራ መጠንም እንቅልፉ ይፈጥን ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁሉን ነገር አልጭንበትም። ግን ማሰሪያ ያላገኘ ጉዳይ አእምሮን እየቆጠቆጠ እንደሚያሳድር፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ሲወሰን ደግሞ ጋብ እንደሚል ከዚያ በፊት የተሠሩ ሙከራዎችም አሳይተዋል።

«የእኛ አገር ኑሮ ለዕቅድ አይመችም» የሚል አይጠፋም። መብራት ይጠፋል፣ ትራንስፖርት ይጠፋል፣ ድንገት ለቅሶ ይመጣል። እውነት ነው። ግን ለቅሶውን ራሱን ተመልከቱት። ቤተሰቡ አንድ ነገር ማሰብ በማይችልበት ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከእድር ቤት ይወጣል፣ ቀባሪው ይጠራል። ይህን የሚያስኬደው የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ነው፤ የአባላቱ ስም፣ የወር መዋጮው፣ የዕቃው ብዛት፣ የወጣውና የተመለሰው ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ከድንገተኛ ነገር ሁሉ ለሚከብደው ለሞት አስቀድመን ዝርዝር የያዝን ሕዝብ ነን። ለዘወትር ኑሯችን ምን ከለከለን?

ሌላው ተቃውሞ ስለ ቃል ትምህርት ነው። የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፣ የገዳ ሥርዓት ሕጉን በአንደበት ለትውልድ አስተላልፏል፤ ወረቀት ያሰንፋል ይባላል። እኔ ግን ይህ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እላለሁ። ሊቃውንቱ በአእምሯቸው ያኖሩት ዕድሜ ልክ የሚያገለግለውን ነው። የታሪፍና የቀጠሮ ጣጣ ያንን ቦታ መሻማት የለበትም።

ዝርዝር ሁልጊዜ አይጠቅምም የሚለው ከበድ ያለ ተቃውሞ ከሆስፒታል የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማመሳከሪያ ዝርዝር በስምንት ከተሞች፣ የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ፣ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም የሟቾች መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በካናዳዋ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች ተጠንተው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። እኔ የማደላው ዝርዝሩ በቅጡ ሳይነበብ ለወጉ ምልክት ይደረግበት ነበር ወደሚሉት ነው፤ ለይስሙላ ፎርም መሙላትን እኛም አናጣውም። የግል ዝርዝርም እንዲሁ ይበላሻል። «ሥራ መፈለግ» ብሎ መጻፍ ጭንቀትን በቀለም መድገም ነው። «ሰኞ ጠዋት ሻሸመኔ ሄጄ ሲቪ ላሳትም» ብትሉ ግን እግራችሁ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ የቆየ ጉዳይ ካለም ወይ ቀን ቁረጡለት፣ ወይ ያለ ጸጸት ሰርዙት። መሰረዝም ውሳኔ ነው። ዛሬ ማታ ግን ድግሱ አለና ወረቀቱን ለነገ አቆዩት። እንኳን ደስ አላችሁ!