ያለ እርስዎ አይሆንም
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድራችን ጸሐፊ «አንድ ነገር ይናገሩልን» ባሉን ጊዜ ምን እንበል ብለን አሰብን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ፋይል ስናገላብጥ የኖርን ስለሆነ፣ ያየነውን ብንናገር ይሻላል አልን። ይኸውም «ያለ እርሱ አይሆንም» መባል ሰውን ምን ያህል እንደሚያስከብርና ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚያስቀር ነው።

በዚሁ በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ፣ የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ፋይል እንዳለ የምናውቅ እኛ ብቻ ነበርን። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፤ እኛ እዚያው ነን። ፋይል ጠፋ ሲባል እኛ እንጠራለን። ታመን ተኝተን እንኳ እስከ ቤታችን ሰው ይላክብን ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለን ነበር። ቁልፉን ከኪሳችን አናወጣም፣ አቀማመጡንም ለማንም አናሳይም። ብናሳይ የምንናቅ ይመስለን ነበርና።

ኋላ የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ወጣ። ለቦታው የሦስት ወር ሥልጠና ያስፈልግ ነበር። ባመለከትን ጊዜ አለቃችን ፈገግ ብለው «አንተ ከሄድህ መዝገብ ቤቱን ማን ይይዘዋል? ለሚቀጥለው ይሁንልህ» አሉን። ለሚቀጥለውም አመለከትን፤ መልሱ ያው ነው። አጠገባችን የነበረው ወጣት ግን ቢሄድም የሚጎድል ነገር የለም ተብሎ ተላከ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አለቃችን ሆኖ ተመደበ። ጨዋ ልጅ ነበርና እስከ መጨረሻው አንቱ እያለ አከበረን። እኛም ያቺን ወንበር ይዘን ጡረታ ወጣን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ያልተሰጠ ዕድገት መሥሪያ ቤት አይቀርም፤ ተከትሎ ቤት ይገባል፣ በየወሩም ከአስቤዛው ላይ ይነሣል። ባለቤታችን ይህን ከእኛ ቀድማ ነው ያወቀችው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስቀምጠው ነበር። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለማስተማር እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም። ንጉሡ ግን መድፍ ይሠራልኝ አሉ። ሙከራው በሰመረ ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ፣ እንደገናም የሚበልጥ ታዘዘ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠርቶ፣ በሰው ኃይል ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ባለሙያዎቹን ይወዱና ይሸልሙ ነበር። ነገር ግን ሙያቸው በታወቀ መጠን የመሄጃቸው በር ጠበበ። አገራቸው ለመግባት መንገድ ያገኙት ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ነው። የእኛስ እስራት ቀላል ነው፤ ግን ዘሩ አንድ ነው።

የጣና ሰው የደንገል ታንኳን ጠባይ ያውቃል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። አስተዋይ ባለቤት ከውሃ አውጥቶ በዳር ያቆመዋል፣ ፀሐይ ያስመታዋል። «ይህ ታንኳ ጥሩ ነው» ተብሎ ዕለት ዕለት ከተቀዘፈበት ግን ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ጥፋቱ የታንኳው አይደለም፤ የባለቤቱ ነው።

ስለዚህ በሥራ ላይ ላላችሁ ልጆቻችን ምክራችን ይህ ነው። የምታውቁትን ሥራ ጻፉት፤ አጠገባችሁ ያለውንም አለማምዱ። ዕድገት ስትጠይቁ «ተተኪዬ እገሌ ነው፣ ሥራውን ያውቃል» ብላችሁ ቅረቡ፤ ያን ጊዜ አለቃችሁ ምክንያት ያጣል። አለቆች የሆናችሁም፣ ሰውን ስለ ጉብዝናው በአንድ ወንበር ማሰር ሽልማት እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ድንኳኑ ስንት ምሰሶ እንዳለው፣ የትኛው ድስት ለማን እንደወጣ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ክረምት ለዘመድ ቀብር ወደ ገጠር በሄዱ ጊዜ እዚህ ሰው ሞተብን፤ ድንኳኑ ሳይተከል ለቀስተኛው በዝናብ ቆመ። እርሳቸው ሲመለሱ አዘኑ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን ግን እኛ ነን። በየዓመቱ «ደክሞኛል፣ አውርዱኝ» ሲሉን «ያለ እርስዎ አይሆንም» ብለን በጭብጨባ እንመልሳቸዋለን። ያ አለቃችን ያደረገብንን እኛ በእርሳቸው ላይ እያደረግን ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ዕድር የተባለውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሳንበተን ከወጣቶቹ ሁለት ሰው ተመርጦ ቁልፉም ቆጠራውም በሦስት እጅ እንዲሆን፣ እርሳቸውም በሚቀጥለው ዓመት በክብር እንዲያርፉ ሐሳብ እናቀርባለን። ጭብጨባችሁን ለዚያን ቀን አቆዩልን።