ቃሬዛው እስኪደርስ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረጉት ንግግር



ሊቀመንበራችን «ስለ ሥራሽ ንገሪን» ሲሉኝ «ስለ በረዶ ማን መስማት ይፈልጋል?» ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን «ስለ በረዶው ሳይሆን ስለ መንገዱ ንገሪን» አሉኝ። እኔም የምነግራችሁ መንገዱን ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ።

የምሠራው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ሰሚት ካውንቲ ውስጥ ባለ አንድ የስኪ መዝናኛ ነው። ሥራዬ ኢኤምቲ ይባላል፤ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ማለት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም። የእኔ ድርሻ ሰው ከወደቀበት ደቂቃ አንሥቶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ያለችው አጭር ጊዜ ናት። ይህችን ጊዜ ያወቅኋት ግን ተራራው ላይ አይደለም፤ ሰርግ ቤት ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት እስክስታ እየተመቱ ሳለ ወደቁ። ከበብናቸው። አንዱ «አየር ስጧቸው» ይላል፤ አንዷ ሎሚ ታሸታቸዋለች፤ ሌላው ጫማቸውን ያወልቃል። እኔ ወደ ወጥ ቤት ሮጬ ውሃ አመጣሁ። ፊታቸው ላይ የረጨሁት እኔ ነኝ። «911 ይደወል» ሲባል «ቆይ አሁን ይነቃሉ፤ አምቡላንስ ሒሳቡ ከባድ ነው» ተባባልን። ስንደውል ብዙ ደቂቃ አልፏል። አምቡላንሱ ሲመጣም ልባቸው አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ታውቃላችሁ። እድራችን የሚያኮራ ሥራ ሠራ። ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ምግብ ተዘጋጀ፣ ሐዘንተኛው ለአንድ ቀን እንኳ ብቻውን አላደረም፣ አስከሬኑም ወደ አገር ቤት ተሸኘ። ለቀብሩ እያንዳንዳችን የምንሠራውን እናውቅ ነበር። ለነፍሳቸው ግን አንዳችንም የምንሠራውን አላወቅንም። ይህ ነገር ለብዙ ወራት እንቅልፍ ነሣኝ።

በዚያን ጊዜ እዚያው ተራራው ላይ በሆቴል ክፍል ጽዳት ነበር የምሠራው። ከኦሮራ ሌሊት ተነሥተን፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና፣ የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፈን ነበር የምንሄደው። ዋሻው 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ይበልጣል። መንገዱ ጥሩ ሲሆን ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በረዶ ሲጥል አይጠየቅ። ታዲያ በመስኮት ስመለከት ቀይ ጃኬት የለበሱ ሰዎች የተጎዳ ሰው በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ቃሬዛ ጭነው ሲወርዱ አያለሁ። አንድ ቀን ከእነርሱ አንዷን ኮሪደር ላይ አግኝቼ «ይህን የት ነው የምትማሩት?» ብዬ ጠየቅኋት። የማኅበረሰብ ኮሌጅ የማታ ትምህርት እንዳለ ነገረችኝ።

የትምህርቱን ክፍያ ያበደረኝ ይህ ማኅበር ነው። ለጋሾቻችን ይህን ስሙልኝ፤ ሣጥኑ ውስጥ የምትጨምሩት ገንዘብ የት እንደሚደርስ አንዷ ምስክር እኔ ነኝ። ትምህርቱ ከ150 ሰዓት በላይ ነው፤ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና አለ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ወደቅሁ። 15 ቀን ተጠብቆ መድገም ይቻላል፤ እኔ ግን ለገንዘብ ያዣችን መንገር አፍሬ ቤቴ ተደበቅሁ። እርሳቸው ራሳቸው ደውለው «ልጄ፣ ያበደርንሽ እንድትማሪ እንጂ እንድትፈሪን አይደለም» አሉኝ። ሁለተኛው ላይ አለፍኩ። ብድሩንም ከፍዬ ጨርሻለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልውሰዳችሁ። ጠዋት ኦክሲጅኑን፣ የስብራት መደገፊያውን፣ ኤኢዲ የሚባለውን የልብ ማስነሻ መሣሪያ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። ሰው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ራዲዮው ዝም አይልም። በስኪ የሚወድቅ ብዙውን ጊዜ ጉልበቱ ወይም የእጁ አውራ ጣት ይጎዳል። በስኖውቦርድ የሚወድቅ እጁን ዘርግቶ ስለሚደገፍ አንጓው ይሰበራል። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ደክሞት «አንድ ዙር ብቻ» ሲል፣ ሥራችን ይበዛል።

ተሰብሮ የመጣውን ሰው እንዳለ ደግፌ አስራለሁ። ከማሰሬ በፊትና ካሰርኩ በኋላ ጣቶቹን እነካለሁ፤ ይሞቃሉ ወይ? ይሰማዋል ወይ? ያንቀሳቅሳቸዋል ወይ? ይህን ስማር የአገራችን ወጌሻ ትዝ አለኝ። ወጌሻ በቀርከሃ ሲያስር ብዙ ሰው አድኗል። አጥብቆ ሲያስር ግን ደም ስለማይደርስ ከእጅና ከእግር የተለየ ልጅ አለ። ልዩነቱ ያቺ ጣት መንካት ናት። ቤታችሁ ልጅ ሲሰበርና ስታስሩ ይህችን አትርሱ፤ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው መላላት አለበት።

የሥራ ባልደረቦቼ «ኢትዮጵያ ውስጥ ስኪ አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም በ2006 የቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ሮቤል ተክለማርያም አገራችንን ወክሎ በስኪ እንደተወዳደረ እነግራቸዋለሁ። ቃሬዛ ግን ከእናንተ አልተማርኩም እላቸዋለሁ። በአገራችን ገጠር በብዙ ቦታ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ ጤና ጣቢያ ያደርሳል።

የእነርሱም ታሪክ ከእኛ ብዙ አይርቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የስኪ ፓትሮል ማኅበር የተመሠረተው በ1938 ነው። መሥራቹ ቻርልስ ማይኖት ዶል በ1936 ስኪ ሲንሸራተት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ወዳጆቹ የሚያደርጉት ቢያጡ በጣሪያ ቆርቆሮ ላይ አስተኝተው ጎትተው አወረዱት። በዚያው ዓመት ጓደኛው በስኪ ውድድር አደጋ ሞተ። ዶልም አልቅሶ ብቻ አልተቀመጠም፤ ሰው አሰባስቦ ማኅበር አቆመ። እስከ ዛሬም ብዙዎቹ አባላት በነጻ የሚያገለግሉ ናቸው። እንግዲህ እነርሱም ከለቅሶ ተነሥተው ነው የተማሩት።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የታካሚ ምስጢር መጠበቅ ግዴታዬ ነው፤ ይህን የምናገረው ባለቤቷ ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውንም አልጠራም። አንዲት እናት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ቤተሰቡ ለሽርሽር ወደ ተራራው ይዟቸው ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ራሳቸውን አመማቸው። በሁለተኛው ሌሊት ማሳል ጀመሩ። ቤተሰቡ ብርድ የመታቸው መስሎት ጋቢ ደራርቦ፣ ዝንጅብል አፍልቶ ሰጣቸው። ጠዋት ወደ እኛ ክፍል ሲያመጧቸው ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ፊቴን አይተው በአማርኛ «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «የእርስዎ ነኝ እማማ፤ አሁን አይናገሩ፣ ይተንፍሱ» አልኳቸው።

ብርድ አልነበረም። ከፍታ ነው። ሳንባቸው ውሃ ይዞ ነበር። ኦክሲጅን አደረግንላቸው፤ በአምቡላንስም ወደ ሐኪምና ወደ ዝቅተኛ ቦታ ተወሰዱ። ዳኑ። ልጃቸው በኋላ «እኛ የደጋ ሰዎች አይደለንም ወይ? እንዴት ከፍታ ይጎዳናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ደጋ መወለድ ብቻ አይበቃም፤ ዓመታት ቆላ የኖረ ሰው ሰውነቱ ከፍታውን እንደገና መልመድ አለበት። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣላችሁ ወዲያው ተራራ አታውጡ፤ ዴንቨር አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ ከዚያ በላይ አትውጡ። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ግን አታድሩ፤ 911 ደውሉ፣ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጉ።

አሁን ወደ ሰርጉ ልመለስ። የሰው ልብ በድንገት ሲቆም፣ ደረቱ ካልተጫነ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ የቱንም ያህል ቢፈጥን ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው አዳኝ አምቡላንሱ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ነው። የወደቀው ሰው ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ አንዷ 911 ትደውል፤ አድራሻውን ቀድማ ትናገር፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራት «አማርኛ» ብላ አስተርጓሚ ትጠይቅ፣ ስልኩን ግን አትዝጋ። ሌላዋ ደረቱ መካከል ላይ ሁለት እጇን ደራርባ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ትጫን። ሦስተኛዋ ኤኢዲ ፈልጋ ታምጣ፤ መሣሪያው ራሱ እየተናገረ ያሠራል፤ ልብ የሚያስፈልገው ካልሆነ ኤሌክትሪኩን አይለቅም። «ባጠፋስ ብከሰስስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በቅን ልቡና የረዳን ሰው የሚጠብቅ ሕግ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች አለ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው የወንበር ሊፍት ሰልፍ ላይ ወደቀ። እኔ ስደርስ አንዲት ቲኬት ቆራጭ ወጣት ተንበርክካ ደረቱን እየተጫነች ነበር። የተማረችው በአንድ ከሰዓት ሥልጠና ነው። ተቀበልኳት፤ ኤኢዲውን ለጠፍን፤ ልቡ ተመለሰ። ልጅቷ በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አቀፍኳት። የሰርጉ ዕለት እኔም የእርሷ ዕድሜ ነበርኩ፤ ልዩነታችን ያቺ አንድ ከሰዓት ናት።

ልመናዬ እነሆ። ማኅበራችን በዓመት ሁለት ጊዜ በአማርኛ የልብ ማስነሳትና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይስጥ። አስተማሪ እኔ እሆናለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ለዚህ አዳራሽ አንድ ኤኢዲ ይገዛ። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ለአንዲት አባል ከባድ ነው፣ ለሁላችን ግን ከአንድ ሰርግ ወጪ ያንሳል። ለጋሾቻችን በዚህ እንድትረዱን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሦስተኛ፣ ከዚህ መካከል ኢኤምቲ መማር የምትፈልግ ሴት ካለች ከስብሰባው በኋላ ታናግረኝ። ፈተና ወድቃ ካፈረችም ታናግረኝ።

እድራችን ይቀጥል፤ ማንም ሙታኑን ብቻውን አይቅበር። ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉ እናቶች ልጆች ነን። ለለቅሶ የምንሰበሰበውን ያህል ለነፍስም እንሰባሰብ። ያን ዕለት ውሃ ይዤ የሮጥኩት ስላልወደድኳቸው አይደለም፤ ሌላ ነገር ስላላወቅሁ ነው። ከእናንተ አንዷ ዳግመኛ ውሃ ይዛ እንድትሮጥ አልፈልግም።