ነጭ አሳ በክረምት ወዴት ይሄዳል?

(ድምፅ፦ የወንዝ ፍሰት)

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጣና ነጭ አሳ ጉዞ ይጀምራል። በክረምት ሽርሽር ጉማራ ወይም ርብ ወንዝ ዳር የደረሱ ተማሪዎች፣ ዕድል ከቀናቸው፣ ከሐይቁ ወጥቶ ጎርፉን እየቀደደ ሽቅብ የሚዋኝ አሳ ያያሉ።

ባሕር ዳር ገበያ ላይ «ነጭ አሳ» ተብሎ በአንድ ስም ይሸጥ እንጂ አንድ አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና 15 ያህል ዝርያዎች ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። አንዱ ከጭቃው ትል ይለቅማል፣ ሌላው ትንንሽ አሳ ያሳድዳል። የሚበሉት ነገር በአፋቸው ቅርፅ ይታወቃል፤ መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጠ ግማሹ ትምህርት አለቀ።

ሽቅብ መጓዙስ ለምን? እንቁላል ለመጣል ነው። እንቁላሉ ንጹሕ ጠጠርና ኦክስጅን የማያንሰው ወራጅ ውሃ ይፈልጋል። ታዲያ ጉዞውን አሳ አስጋሪውም ያውቀዋል፤ ወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እንቁላሏን ገና ያልጣለችውን አሳ ይይዛል። ከእርሻ የታጠበው አፈር ደግሞ ጠጠሩን ያለብሰዋል።

ይህ አፈር የሚያመጣውን የውሃ ድፍርስነት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለካሉ። ነጭና ጥቁር የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል። በክረምት ረጅም ገመድ አያስፈልግም!

ውሃው ውስጥ በባዶ እግር መግባት ግን ክልክል ነው፤ በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ ትል የሚያራቡ ቀንድ አውጣዎች አሉ።

(ድምፅ፦ የቦት ጫማ እርምጃ በጭቃ)