የካንዴላና የቆብ ምርጫ ለአሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር



የዛሬው ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. በ1973 ለገበያ የቀረበው ያማሃ አርዲ350 ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት በመሆኑ እያንዳንዱ ካንዴላ ክራንኩ በዞረ ቁጥር ብልጭታ ይሰጣል፤ ከቤንዚኑም ጋር ዘይት ይቃጠላል። የካንዴላው ጫፍ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ጥላሸት ይይዘዋል፤ ከ800 በላይ ከጋለ ደግሞ ድብልቁን ያለ ጊዜው ያነድዳል።

የታዘዘለት የኤንጂኬ ቢ8ኤችኤስ ነው። 8 የሙቀት ደረጃው ነው። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ተቃራኒው ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ በወጣትነቴ ለወዳጄ ሞተር ሳይክል «ቀዝቃዛ» ያልሁትን 6 ቁጥር ገጠምሁለት፤ ዳገት ላይ ፒስተኑ ተበሳ። ወዳጄ ዛሬም ቁልፉን አይሰጠኝም።

«ኤች» የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል፤ «ኢ» ያለበት 19 ስለሆነ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።

ቆቡን ብዙዎች ይንቁታል። ባለ 5 ኪሎኦም ቆብ የሬዲዮን ረብሻ ይቀንሳል፤ «አር» ያለበት ካንዴላ ሲጨመርበት ግን ሬዚስታንሱ ወደ 10 ያድጋል። ለአሮጌ ማቀጣጠያ አንዱ ይበቃል። ያረጀ ቆብ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላልና፣ ከመግጠማችሁ በፊት በኦም ሜትር ለኩት።