የወንዶች የሽንት ሕመም፦ ሕክምናውን ማን ይምረጥ?



ዛሬ የምናነሣው የወንዶችን ጉዳይ ነው። «የሴቶች ማኅበር ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ በሩ ሲከፈት አብረን የምንነቃው ግን እኛ ነን። ለሕክምና ብለን ከማኅበሩ የምንበደረውም እኛው ነን፤ መዝገቡን የምንይዝ ሰዎች ይህን እናያለን።

ፕሮስቴት የሚባለው እጢ ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን የከበበ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል፤ 60 ዓመት ከደረሱ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ አድጎ ይገኛል። ቧንቧውን ሲጫነው ሽንት ቶሎ አይጀምርም፣ ይቆራረጣል፣ ያንጠባጥባል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ካንሰር ግን ለብቻው ሊኖር ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። እኛ ግራና ውስጥ «ብርድ ነው» ተብሎ ስንት ዓመት ይታለፋል!

ለዚህ ሕመም ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም። ሐኪሞች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት መጠይቅ አለ። 7 ጥያቄዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል። እኛ የሒሳብ ሰዎች ድምር እንወዳለን። ነገር ግን ከድምሩ ውጭ የተቀመጠ 8ኛ ጥያቄ አለ፤ ቀሪ ዘመንዎን አሁን እንዳሉት ቢኖሩ ምን ይሰማዎታል የሚል ነው። ድምራቸው እኩል 15 የሆነ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። ማሳው ላይ የሚውለው ገበሬ ብዙም ላይቸገር ይችላል፤ ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ የሚነዳው ግን በየመንገዱ መቆም አይችልም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሕክምና አይታዘዝም። «ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉ» ብሎ የሚወጣ ሰው ሐኪሙ ይህን እንዳያውቅ ያደርጋል።

ብዙ ካላስቸገረ ክትትል ይበቃል፤ ማታ ማታ ቡናና ጠላ መቀነስ ይረዳል፣ ጫትም የሽንቱን ጉልበት ያዳክማል። ታምሱሎሲን የሚባለው ኪኒን ጡንቻውን አላልቶ በቀናት ውስጥ ያቀላል፤ ከመኝታ ብድግ ሲሉ ግን ሊያዞር ይችላል። ፊናስተራይድ እጢውን ራሱን ያሳንሳል፤ ለውጡ 6 ወር ያህል ይፈጃል። ካልሆነ ቀዶ ሕክምና አለ።

የምናፍርበትን እንናገር። ፊናስተራይድ በአንዳንዱ ወንድ ላይ የግንኙነት ፍላጎት ይቀንሳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዘር ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል፤ ልጅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአንዲት አባላችን ባለቤት ኪኒኑን ሁለት ወር ወስዶ በዚሁ ምክንያት ተወው። ለሐኪሙም ለእርሷም ትንፍሽ አላለም። እርሷ ያወቀችው ሽንቱ ተዘግቶ ሌሊት በባጃጅ ሲወሰድ ነው። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት አልነገረውም፣ እርሱም አልጠየቀም። ቢነጋገሩ ሌላ መንገድ ነበራቸው።

እኛ ምን እናድርግ? ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ሦስት ቀን በወረቀት ጽፈን እናስይዘው። 8ኛውን ጥያቄ ግን እኛ አንመልስለት፤ እርሱ ይመልስ።

ወጪውንም አብረን እንቁጠር። የኪኒን ዋጋ የወር ብቻ ሆኖ አይታሰብ፤ በ12 ይባዛ፣ የመንገዱም ይጨመርበት። ቀዶ ሕክምና በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠይቃል፣ አስታማሚ ይፈልጋል፣ ከእርሻም ያስቀራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለን ሁሉ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳንይዝ ወልድያ ወይም ደሴ ብንሄድ ከኪሳችን ልንከፍል እንችላለን።

ሽንት ጭራሽ አልወጣ ካለ ግን ምክክሩ ይቆይ፤ ያንኑ ሌሊት ወደ ጤና ተቋም መድረስ ነው። ቱቦ ገብቶ ፊኛው ባዶ ይሆናል፤ ስለ ኪኒንና ስለ ቀዶ ሕክምና ከዚያ በኋላ ይመከራል። ደም ከታየም ቀጠሮ አይጠበቅም።