ከጨረታው በኋላ የሚከፈለው ዋጋ

በሜልበርን በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ደውሎ “ፖርት ሜልበርን ስለ መኖርና ቤት ስለ መግዛት ንገረን” ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እኔ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። ደላላም የባንክ ሰውም አይደለሁም። ኋላ ግን ገባኝ። ከመካከላችን ባሕር ዳርቻ ቤት ገዝቶ፣ ተሳስቶ፣ ስሕተቱን በአደባባይ ለመናገር የማያፍር ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ ማለት ነው። ዘንድሮ ዕቁብ የሚደርሳችሁና ቅዳሜ ቅዳሜ ጨረታ መዞር የጀመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

ታላላቆቻችን በየካቲት 1957 ዓ.ም. “መሬት ላራሹ” እያሉ ሰልፍ ወጥተዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ አባቴ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር እንጂ ቆርቆሮ አይገዛም ነበር። ስለዚህ እዚህ አገር መጥቼ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸ ሰው ቤት ይዞ ሲሄድ ሳይ “እዚህ ደግሞ መፈክሩ መሬት ለተጫራቹ ነው” ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷም “እንግዲያው አንተም ጩህ” አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ለምን ፖርት ሜልበርን? እውነቱን ለመናገር በባሕሩ ምክንያት ነው። ፉትስክሬይ ተከራይተን ስንኖር እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዘን በባቡር ሳውዘርን ክሮስ እንወርድና 109 ትራም ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ትራሙ የሚሄድበት ሐዲድ የድሮ የባቡር መስመር ነው። በአውስትራሊያ የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር እ.ኤ.አ. በ1854 ከፍሊንደርስ ስትሪት ተነሥቶ የሄደው እዚያ ወደብ ድረስ ነበር። ሰፈሩ ያን ጊዜ ሳንድሪጅ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ1884 ነው። ዛሬ ቡናው ውድ ነው፣ ውሻው ሁሉ የተበጠረ ነው። ግን የሀብታም ሰፈር ሆኖ የቆየ እንዳይመስላችሁ። የወደብ ሠራተኞችና የፋብሪካ ሰዎች ሰፈር ነበር። የድሮው የብስኩት ፋብሪካ ሕንፃ አሁን አፓርትመንት ሆኗል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግሪክ፣ ከጣሊያንና ከሌላም አገር በመርከብ ከመጡት ስደተኞች የብዙዎቹ እግር አውስትራሊያን የረገጠው ስቴሽን ፒየር ላይ ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቅድሚያ ክፍያውን ያገኘነው ከዕቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣልን ዕልል ተባለ። ብሩ ባንክ ሲገባ ግን ባንኩ “ይህ ከየት መጣ?” አለ። ፈረደበትም አይባልም። ቅድሚያ ክፍያው አነስተኛ ሲሆን አበዳሪዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የራስህ ቁጠባ መሆኑንና ቢያንስ ሦስት ወር ሒሳብህ ውስጥ መቆየቱን ማየት ይፈልጋሉ። የዕቁባችን ዳኛ ደብዳቤ ጻፉልን፣ የየወሩን መዋጮ ከባንክ ወረቀት ላይ አሳየን፣ ሦስት ወርም ጠበቅን። ስለዚህ ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች መዋጮውን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ አድርጉት። ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶ ካልያዛችሁ አበዳሪውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ እናንተ ልትከፍሉ እንደምትችሉም አትርሱ። ለመጀመሪያ ቤት ገዢ እስከ 600 ሺህ ዶላር የቴምብር ቀረጥ የለም፤ እስከ 750 ሺህ ቅናሽ አለ። ግን በዓመት ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ ዓመት ሙሉ መኖር አለባችሁ። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሰው የኖረበት ቤት መግዛት በጥቂቱ ካልሆነ በቀር ስለማይፈቀድላችሁ ቅዳሜያችሁን አርፋችሁ ተኙ።

የኛ ጨረታ የነበረው አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለት መኝታ ቤት ያላት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሊፍት የሌላት አሮጌ አፓርትመንት ናት። በረንዳዋ ላይ ወጥታችሁ አንገታችሁን ወደ ግራ ካጠመዘዛችሁ ባሕሩ ይታያል። ባለቤቴ አላጠመዘዘችም። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ዘጋች፣ የመታጠቢያውን ግድግዳ በጣቷ አንኳኳች። እኔ ባሕሩን ሳይ ነበር። አጫራቹ “አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ” ሲል ልቤ እንደ ፈተና ውጤት ቀን መታ። በ592 ሺህ ቆመልን። እዚያው ፈርመን 10 በመቶውን ከፈልን።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ሻጭ ለገዢ የሚሰጠው ሴክሽን 32 የሚባል ሰነድ አለ። አፓርትመንት ሲሆን ከሰነዱ ጋር የባለቤቶች ማኅበሩ፣ እኛ በልማድ ቦዲ ኮርፖሬት የምንለው፣ የሚሰጠው ማስረጃ ይያያዛል። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ደንቡ ምን እንደሚል፣ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ምን እንደተወሰነ እዚያ ላይ አለ። ሰነዱ ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሶኛል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንብቤ “ቀሪው የሕግ ቋንቋ ነው” ብዬ አስቀመጥኩት። የሰው ሪፖርት ላይ ነጠላ ሰረዝ እያረምኩ የምኖር ሰው! ከገባን በዘጠነኛው ወር የ21 ሺህ ዶላር ክፍያ መጣ። የባሕሩ ጨዋማ አየር የበረንዳዎቹን ብረት በልቶት፣ ሲሚንቶው መሰንጠቅ ጀምሮ ኖሯል። መሐንዲስ እንዲያየውና ለጥገናው ገንዘብ እንዲሰበሰብ የተወሰነው በዚያው ባላነበብኩት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው። የደበቀኝ ሰው የለም። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

በግል ስምምነት የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን የሚቀይርበት ሦስት የሥራ ቀን አለው። በጨረታ የገዛ ግን የለውም። በጨረታ የሚገዛ ሰው ማሰቢያ ጊዜው ከቅዳሜ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መክፈያ ነው። ሁለት ዓመት የቅዳሜና የእሑድ ተጨማሪ ሥራ ሠርቼ ከፈልኩ። እሑድ ልጆቼ ባሕር ሲሄዱ እኔ አልነበርኩም። ባሕሩን የገዛሁት ለእነዚያ እሑዶች ነበር እኮ።

ሁለተኛው ዋጋ በዶላር አይቆጠርም። ክፍያውን በጨረስኩበት ዓመት እናቴ አዲስ አበባ አረፈች። መርዶ ሊነግሩኝ ጓደኞቼ እንደ ወጉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከፉትስክሬይ መጡ። የሕንፃው በር ይቆለፋል። በጨለማ ደወሉን ሲፈልጉ የሌላ ሰው ቤት ደወሉ፤ ምድር ቤት የሚኖሩትን አንዲት ግሪካዊት አሮጊት። ሴትዮዋ በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰባት ሰዎች ዝም ብለው ቆመው አዩ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ በሩን በሰፊው ከፈቱላቸው።

ለቅሶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ፣ አስቡት። ድንኳን የሚጣልበት ቦታ የለም። የእንግዳ መኪና ማቆሚያው ለሁለት መኪና ነው። እማማዎቹ ጉልበታቸውን ይዘው በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ፉትስክሬይ ብኖር ኖሮ ጎረቤት ራሱ ወንበር ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ያን ቀን “ምን ነክቶኝ ነው ከሰዎቼ ርቄ ለውኃ ብዬ የገዛሁት?” አልኩ። በኋላ ለውኃ ወርጄ ሳይ ያቺ ግሪካዊት እናት ወንበር አውጥተው መግቢያው በር ላይ ተቀምጠዋል። ለመጣው ሁሉ በሩን እየከፈቱ “ሦስተኛ ፎቅ” ይላሉ። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ አደረጉ። ስቴሽን ፒየር ላይ በሰባት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር ከመርከብ የወረዱ ሴት ናቸው። እናታቸው የገዛ እናቷን ሞት የሰማችው በደብዳቤ፣ ከተቀበረች ከወራት በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ።

በሳምንቱ ከሕንፃው አስተዳዳሪ ማሳሰቢያ ደረሰኝ፦ ጫጫታ፣ ክፍት በር፣ ደረጃ ላይ የተደረደረ ጫማ። ተናድጄ መልስ ልጽፍ ስል ባለቤቴ “ስብሰባው ላይ ሄደህ ተናገር” አለችኝ። ሄድኩ። ያ ቃለ ጉባኤው ያልተነበበ ስብሰባ ማለት ነው። ሐዘን የደረሰበት ቤት ቀድሞ ካስታወቀ የጓሮውን ግቢ ለሦስት ቀን ቢጠቀም ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ግሪካዊቷ እናት ደገፉኝ። አለፈ። አሁን እኔ ራሴ የኮሚቴ አባል ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የምጽፈውም እኔ ነኝ።

“ይቆጭሃል ወይ?” የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ 21 ሺው ይቆጨኛል። ቤቱ ግን አይቆጨኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ብዬ ልቀመጥ።

አንደኛ፣ ሰነዱን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ፤ ከጨረታው በፊትም ለኮንቬያንሰር ወይም ለጠበቃ አሳዩ። በዚያ አካባቢ ብዙው መሬት የድሮ ፋብሪካና ረግረግ ስለሆነ የአፈር ብክለትና የጎርፍ ነገር የፕላን ሰርተፍኬቱ ላይ ምልክት እንዳለው እዩ። ሁለተኛ፣ የምትቆሙበትን ዋጋ ዓርብ ማታ በወረቀት ጽፋችሁ ባሕር ላላየው ሰው ስጡት። በኛ ቤት ያ ሰው ባለቤቴ ናት። ሦስተኛ፣ ከመጫረታችሁ በፊት “ሌሊት ክፉ ነገር ቢደርስብኝ ይህንን በር ማን ይከፍታል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ “ማንም” ከሆነ ወይ ሌላ ሰፈር ፈልጉ፣ ወይ በገባችሁ በሳምንቱ ቡና አፍልታችሁ ጎረቤት ጥሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እኔ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሴክሽን 32 በእጃችሁ ያለ፣ ይዛችሁ ኑ። አብረን እናነባለን፣ ቡናም አለ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደወሉን ካጣችሁት ምድር ቤቱን ደውሉ፣ ያውቁናል።